«ድምፅሽ ቀጭን ነው» ለተባሉ ልጆች

በቀደም አንዲት ልጅ ጻፈችልኝ። «ጋሼ፣ የዘፈንኩትን ቲክቶክ ላይ ለቅቄ ነበር። የድመት ድምፅ ነው፣ አርፈሽ ቤትሽ ተቀመጪ እያሉ ሰደቡኝ። ላጥፋው ወይ?» ትላለች። ዕድሜዋ 16 ነው። ድምፅ ቀረጻ ላይ ስለኖርኩ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ይበዛብኛል። አብዛኛውን በሁለት መስመር እመልሳለሁ። ይኼኛው ግን የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጽፍላችሁ ነው።

ፈረንሳዊቷን ዘፋኝና ተዋናይት ቫኔሳ ፓራዲን ታውቋታላችሁ? የዛሬ ልጆች ስሟን ከሰማችሁ የአሜሪካዊው ተዋናይ የጆኒ ዴፕ የልጆቹ እናት መሆኗን ነው የምታውቁት። ይኼ ነገር ያናድደኛል። ሴትዮዋ ከእሱ ጋር ሳትገናኝ በፊት በዘፈንም በፊልምም ስሟን ተክላ ነበር።

እኔ ስሟን የሰማሁት ፓሪስ ውስጥ ተማሪ ሳለሁ ነው። ዘመኑ 1987 ነበር፤ ዓመቱን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጠራው። «ጆ ለ ታክሲ» የሚል ዘፈን ወጣ። የከተማውን መንገድ አንድ በአንድ ስለሚያውቅ የፓሪስ ታክሲ ነጂ ነው። ካፌ ትገባላችሁ እሱ ነው። ልብስ መሸጫ ትገባላችሁ እሱ ነው። የጎረቤት መስኮት ሲከፈትም እሱ ነው። ፈረንሳይ ውስጥ 11 ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆየ። በፈረንሳይኛ እንደተዘፈነ እንግሊዝ ድረስ ተሻግሮ ሦስተኛ ደረጃ ላይ ወጣ። ይኼ እንግሊዝ አገር በቀላሉ የሚሆን ነገር አይደለም። ግጥሙ የኤቲየን ሮዳ-ዢል ነው፣ ዜማው የፍራንክ ላንጎልፍ። ዘፋኟ ያኔ የ14 ዓመት ልጅ ነበረች።

ከዚያ ስድቡ መጣ። በ1988 መጀመሪያ ካን ከተማ ሚዴም በሚባለው የሙዚቃ ገበያ ላይ መድረክ ወጣች። እዚያ የሚሰበሰበው ተራ ሕዝብ አይደለም፤ የሙያው ሰው ነው። አሳታሚው፣ አዘጋጁ፣ የሬዲዮው ሰው። እነዚያ ሰዎች በፉጨት ተቀበሏት። ፈረንሳይ ውስጥ ፉጨት አድናቆት አይደለም፤ ውረጂልን ማለት ነው። መንገድ ላይ ያገኟት ሰዎች ይሰድቧት እንደነበር በኋላ ራሷ ተናግራለች። አስቡት፣ 15 ዓመቷ ነው።

እኔ ያኔ የምኖረው አንዲት አሮጊት ቤት ተከራይቼ ነው። የሴትዮዋ የልጅ ልጅ ከዘፋኟ ጋር እኩያ ናት። ትዘፍናለች። የምትዘፍነው ደረጃው ላይ ነበር፤ ድንጋይ ስለሆነ ድምፅ ይመልስላታል። ከትምህርት ቤት ስትመጣ ሁለተኛው ፎቅ መታጠፊያ ላይ ቆም ትልና ትጀምራለች። ድምፅዋ ቀጭን ነው፤ ትንፋሽ ይበዛበታል። ግን ከቅኝቱ ንቅንቅ አይልም። በዚያ ዕድሜ እንዲህ ዓይነት ጆሮ ያለው ሰው ከዚያ በኋላ ብዙም አልገጠመኝም፤ ስንቱን ዘፋኝ ቀድቼ!

አንድ እሑድ ምሳ ጋበዙኝ። ቴሌቪዥኑ ክፍት ነው። ፓራዲ መጣች። የልጅቷ አጎት «ይቺ ደግሞ ዘፋኝ ተባለች! ይኼ እኮ የበር ማጠፊያ ጩኸት ነው» አለ። ቀጥሎ ወደ ልጅቷ ዞሮ «የእኛዋም ደረጃው ላይ እንደዚህ ነው የምትጮኸው» አለ። ገበታው በሙሉ ሳቀ። አያትየዋም ሳቀች። በክፋት የተደረገ ነገር አልነበረም፤ ጨዋታ ነው። ልጅቷ አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም። ጠረጴዛው ጨርቅ ላይ የወደቀውን የዳቦ ፍርፋሪ በሌባ ጣቷ እየጫነች አንድ በአንድ ታነሳ ጀመር። አንስታ ስትጨርስ ሣህኗ ዳር ላይ በመስመር ደረደረችው።

ከዚያ ቀን በኋላ ደረጃው ላይ ድምፅ አልሰማሁም።

በ1989 ፓራዲ ፊልም ሠራች። «ኖስ ብላንሽ» ይባላል። የፍልስፍና አስተማሪዋ የሚወዳት፣ ሕይወቷ የተመሰቃቀለ ተማሪ ሆና ነው የተጫወተችው፤ አስተማሪውን የሠራው ብሩኖ ክሬመር ነው። በ1990 ፈረንሳዮች ለፊልም የሚሰጡትን ትልቁን ሽልማት፣ ሴዛርን፣ በተስፈኛ ተዋናይትነት ወሰደች። ያን ምሽትም እዚያው ቤት ነበርኩ። ያ አጎት አጨበጨበ። «እኔ ድሮም ብያለሁ፣ ይቺ ልጅ አንድ ነገር አላት» አለ! ልጅቷ ሣህን መሰብሰብ ጀመረች። ወደ ማድ ቤት ገባችና ውኃውን ከፈተችው። ሽልማቱ አልቆ ሌላ ፕሮግራም እስኪጀምር አልወጣችም።

የዚያች ልጅ ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። አንድ ካሴት ላይ እንኳ አልቀረም። የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው።

ልምምድ አድርጉ፣ ውኃ ጠጡ፣ እንቅልፍ ተኙ ብዬ አላደክማችሁም። ይኼን የማያውቅ የለም። ስለ ቀጭን ድምፅ ግን የሙያዬን ልናገር። ማይክ ሳይመጣ በፊት ዘፋኝ የመጨረሻው ወንበር ድረስ መሰማት ነበረበት፤ ትልቅ ድምፅ ግድ ነበር። ማይክ ከመጣ በኋላ ይኼ ሕግ ፈርሷል። ትንፋሽ ያለበትን ድምፅ አራት ጣት ያህል አስጠግታችሁ ስትቀዱት ሰሚው ጆሮው ሥር የሚያወሩት ነው የሚመስለው። የከንፈሩ መላቀቅ ሁሉ ይሰማል። የሚጮኸውን ዘፋኝማ ወደ ኋላ ሂድልኝ እያልኩ ነው የምቀዳው። የፓራዲ ድምፅ ለስቱዲዮ የተፈጠረ ድምፅ ነው። ፉጨት ያሰሙባት ባለሙያዎች ይኼን አያውቁም ነበር ብዬ አላምንም። የሕፃን ልጅ ዘፈን ያን ያህል መሸጡ ነው የከበዳቸው።

የዛሬ ልጆች ትቸኩላላችሁ። በሦስት ቀን ሰው ካላየላችሁ ታጠፉታላችሁ፤ ከዘፈኑ በላይ ቁጥሩን ነው የምታዩት። እንዲህ እላለሁ እንጂ፣ በእኛ ጊዜ መኝታ ቤት ውስጥ የዘፈነውን ለማያውቀው ሰው ሁሉ አውጥቶ የሚያሰማ ደፋር አልነበረም። በዚህስ ትበልጡናላችሁ።

ፓራዲ ከስድቡ በኋላ ምን አደረገች? መልስ አልሰጠችም። ከእሷ የሚበልጡ ሰዎች አጠገብ ሄዳ ሠራች። በ1990 ለወጣው ሁለተኛ አልበሟ ታዋቂው የፈረንሳይ ዘፋኝና ገጣሚ ሰርዥ ጌንዝቡር ግጥም ጻፈላት። ሰውየው በዓመቱ ሞተ። በ1991 ለሻኔል ሽቶ ማስታወቂያ በሽቦ ቤት ውስጥ የተዘጋባት ወፍ ሆና ቀረበች፤ ያኔ ነው ዓለም ፊቷን የለየው። በ1992 አሜሪካዊው ሙዚቀኛ ሌኒ ክራቪትዝ ሙሉ አልበም በእንግሊዝኛ አዘጋጀላት። በ1999 ዳይሬክተሩ ፓትሪስ ለኮንት ከተዋናዩ ዳንኤል ኦቶይ ጋር በጥቁርና ነጭ ፊልም አሠራት። በ2007 ከሙዚቀኛው ማቲዩ ሼዲድ ጋር የሠራችው አልበም በዓመቱ ምርጥ ሴት ድምፃዊት አስባላት። በ2021 ደግሞ ዕድሜዋ ወደ 50 ሲጠጋ ለመጀመሪያ ጊዜ የቴአትር መድረክ ላይ ወጣች፤ ድርሰቱ የባሏ የሳሙኤል ቤንሸትሪ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ትዝ ሲለኝ ደስ ይለኛል። በ1995 በካን የፊልም ፌስቲቫል መክፈቻ ላይ የዳኞቹ ሰብሳቢ ዝነኛዋ ፈረንሳዊት ተዋናይት ዣን ሞሮ ነበረች። ፓራዲ መድረክ ላይ ሆና ሞሮ ራሷ በወጣትነቷ ፊልም ውስጥ የዘፈነችውን «ለ ቱርቢዮን» ዘፈነችላት። በዚያችው ቀጭን ድምፅ። አሮጊቷም ተነስታ አብራት ዘፈነች። ከሰባት ዓመት በፊት ውረጂ የተባለችው በዚያችው ከተማ ነው።

ትምህርት ታቋርጣላችሁ አሉ፣ እሷም አቋርጣለች እያላችሁ። አታቋርጡ። እርግጥ እሷ ክፍል ውስጥ ብትቀመጥ ኖሮ ያን ሁሉ ከማን ትማረው ነበር የሚል ሰው ቢመጣብኝ መልስ የለኝም። ቢሆንም አታቋርጡ።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። ስለ ሰደቡሽ ብለሽ አታጥፊው። ልከሽልኝ ሰምቼዋለሁ። ኤኮው በዝቷል፤ ቃሉን ውጦታል። ቀንሺውና ስልኩን ወደ አፍሽ አስጠግተሽ፣ ብርድ ልብስ ወይም መጋረጃ ባለበት ክፍል እንደገና ቅጂው። ድምፅሽን አታጉዪ፤ ለማጉላት ስትሞክሪ ነው የሚሰበረው።

ከሚበልጡሽ ሰዎች ጋር ሥሪ ብያለሁ፤ ይኼ ግን ሌላ ወሬ አለው። ያን የሴዛር ፊልም የሠራው ዳይሬክተር ዣን-ክሎድ ብሪሶ በ2005 በሌሎች ተዋንያን ላይ በፈጸመው ጾታዊ ትንኮሳ ተፈርዶበታል። ትልቅ ችሎታ ያለው ሁሉ ደህና ሰው አይደለም። ፓራዲ ግን ከመነሻው አጎቷ አብሯት ነበር። ተዋናይና የሙዚቃ አዘጋጅ ነው፣ ዲዲየ ፓን ይባላል፤ በልጅነቷ የቴሌቪዥን የልጆች ዘፈን ፕሮግራም ላይ እንድትቀርብ ያደረጋት እሱ ነው። ስለዚህ ስም ያለው አዘጋጅ ለሙከራ ቀረጻ ማታ ለብቻሽ ነይ ካለሽ እናትሽን ወይ ወንድምሽን ይዘሽ፣ በቀን ሂጂ። እንግዳ ይዘሽ አትምጪ ካለሽ ሥራው ይቅርብሽ። ሌላ ስቱዲዮ አለ፤ የማምናቸውን ሁለት ሰዎች ስልክ በውስጥ መስመር ልኬልሻለሁ።