ከመኪና በፊት የተሠራውን መንገድ ፈልጊ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ሦስት ዓመት አስፋልት ላይ ስትነጂ ቆየሽ። ከዚያ አንድ የጭነት መኪና ክርንሽን ሊገጭ ለጥቂት ሲያመልጥሽ ብስክሌቱን ግድግዳ አስደግፈሽ ተውሽው። አሁን መኪና የማይገባበት፣ በጫካና በጥንታዊ ገጠር የሚያልፍ የጠጠር መንገድ አምሮሻል። አዲስ ብስክሌት ልግዛ ወይ፣ መንገዱን እንዴት ላግኘው፣ በቀን ምን ያህል እችላለሁ፣ ብቻዬን ልሂድ ወይ ብለሻል። እኔም ከአስፋልት የወጣሁት በፍርሃት ነው። ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። መልሴ ረዘም ቢል ታገሺኝ።

ብስክሌት ለመግዛት አትቸኩዪ። መጀመሪያ መንገዱን ፈልጊ። እኔ በተገላቢጦሽ ነው የጀመርኩት። ጥሩ የሚባል ብስክሌት ገዛሁና ካርታ ላይ አረንጓዴ ወዳየሁበት ሁሉ ገባሁ። አንዳንዱ መንገድ ጫካ መሃል ደርሶ ይጠፋል። አንዳንዱ ቀጥ ያለ ዳገት ነው፤ ብስክሌቱን እየገፋሁ እወጣለሁ። አንድ ዓመት እንዲህ ከለፋሁ በኋላ ነው ነገሩ የገባኝ። ደጋግሜ የምመለስባቸው መንገዶች በሙሉ መኪና ከመምጣቱ በፊት ለሌላ ነገር የተሠሩ ነበሩ። ለባቡር፣ ጀልባ ለሚጎትት ፈረስ፣ ለጋሪ።

የእንፋሎት ባቡር ዳገት አይችልም። የብረት ጎማው የብረት ሐዲድ ላይ ይንሸራተታል። ስለዚህ መሐንዲሶቹ ዳገቱን አብዛኛውን ጊዜ ከመቶ 2 ወይም 3 አያሳልፉትም። 100 ሜትር ስትሄጂ የምትወጪው 2 ወይም 3 ሜትር ነው ማለት ነው። ተራራ ሲገጥማቸው ይበሱታል፤ ሸለቆ ሲገጥማቸው ድልድይ ይዘረጉበታል። ሐዲዱ ተነቅሎ ሲሄድ ያ ሁሉ ልፋት ለብስክሌተኛ ይተርፋል። ድሮ ፈረስ ዳር ዳሩን እየሄደ ጀልባ ይጎትትበት የነበረው የጀልባ ቦይ ዳር መንገድም እንደዚያው ነው። የቦዩ ውሃ ከፍና ዝቅ የሚለው ጀልባዋን በሚያወጡትና በሚያወርዱት የውሃ በሮች ጋ ብቻ ስለሆነ ፈረሱ የሚረግጠው መሬት ለጥ ያለ ነው።

እነዚህ መስመሮች የተሠሩት ሰው፣ እንጨትና ድንጋይ ወዳለበት ነው። በድሮ ወፍጮ ጓሮ ያልፋሉ፣ የድንጋይ ማውጫ ይነካሉ፣ መንደር መሃል ገብተው ይወጣሉ። ጫካውም ታሪኩም ያለው እዚያው አንዱ መስመር ላይ ነው። ለየብቻ መፈለግ የለብሽም።

ምን ዓይነቱን እንደምል እንዲታይሽ ጥቂቶቹን ልጥቀስ። ፓሬንዛና የሚባለው መስመር ከጣሊያኗ ትሪዬስቴ እስከ ክሮኤሺያዋ ፖሬች 123 ኪሎ ሜትር ነው። እ.ኤ.አ. በ1902 ተከፍቶ በ1935 የተዘጋ ጠባብ የባቡር መስመር ነበር። ዛሬ ጣሊያንን፣ ስሎቬኒያንና ክሮኤሺያን ያገናኛል። አሜሪካ ውስጥ ግሬት አሌጌኒ ፓሴጅ ከፒትስበርግ እስከ ከምበርላንድ 240 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ከምበርላንድ ላይ ከቼሳፒክና ኦሃዮ ቦይ ዳር መንገድ ጋር ይገናኛል፤ ይሄኛው ደግሞ 297 ኪሎ ሜትር ሄዶ ዋሽንግተን ዲሲ ይገባል። ስፔን ከእ.ኤ.አ. 1993 ጀምሮ የተተዉ የባቡር መስመሮቿን ቪያስ ቬርዴስ በሚል ስም ለእግረኛና ለብስክሌት እያዘጋጀች ነው። ጣሊያን ውስጥ ቱስካኒ ላይ ደግሞ ነጫጭ የጠጠር መንገዶቹ አስፋልት እንዳይለብሱ ብለው እ.ኤ.አ. በ1997 ሌሮይካ የተባለውን የብስክሌት ጉዞ ጀመሩ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል። መንገድ የሚተርፈው የሚሄድበት ሰው ሲኖር ነው።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ። ሐዲዱ ተነስቶ ጠጠሩ ያልተስተካከለበት መስመር አይነዳም። ከሐዲድ ሥር የሚነጠፈው ድንጋይ ጡጫ ጡጫ የሚያክል፣ ጠርዙ ስል ነው። እኔ 4 ኪሎ ሜትር ያህል እዚያ ላይ ብስክሌት ተሸክሜያለሁ። «የድሮ ባቡር መስመር» የሚል ጽሑፍ ስላየሽ ብቻ አትነሺ፤ ላዩ በደቃቅ ጠጠር ተጠቅጥቆ ለብስክሌት መከፈቱን አረጋግጪ።

የጫካ መንገድ ባሕርይው ሌላ ነው። ብዙው የተሠራው ግንድ ለሚያወጡ ከባድ መኪኖች ነው። ሰፊና ጠንካራ ነው፤ ዳገቱ ግን አይምርም። ለሕዝብ መኪና ዝግ ቢሆንም በሥራ ቀን ግንድ የጫነ መኪና ሊመጣብሽ ይችላል። እኔ እሑድን እመርጣለሁ። «ዝግ ነው» የሚል ምልክት ካየሽ እንጨት እየቆረጡ ሊሆን ይችላልና ተመለሺ። ተከምሮ የተቀመጠ ግንድ ላይ ለማረፍም ሆነ ፎቶ ለመነሳት አትውጪ። ክምሩ ሊናድ ይችላል።

ካርታውን በተመለከተ ፈቃደኞች የሚሠሩትን ኦፕንስትሪትማፕ የተባለ ነጻ ካርታ መሠረት ያደረገ ማንኛውም መተግበሪያ ያገለግልሻል። እዚያ ላይ የገጠርና የጫካ መንገዶች ከግሬድ 1 እስከ ግሬድ 5 ተብለው ይመደባሉ። 1 ጠንካራ ነው፣ 5 ለስላሳ አፈርና ሣር ነው። ለመጀመሪያ ጉዞሽ ከ1 እና ከ2 አትውጪ። መስመሩን ስትጨርሺ በሳተላይት ፎቶ እዪው። ነጣ ያለ፣ እኩል ስፋት ያለው መስመር ከሆነ ጠጠር ነው። መሃሉ አረንጓዴ ሆኖ ሁለት ቀጭን መስመር ብቻ ከታየሽ ዝናብ ሲዘንብ ጭቃ ነው።

አሁን ወደ ብስክሌቱ። ያለሽ ምናልባት ይበቃሻል። ወሳኙ ጎማው ነው። 35 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጎማ ብረቱን ሳይነካ፣ ትንሽ ክፍተትም ተርፎት የሚገባ ከሆነ ለተጠቀጠቀ ጠጠር በቂ ነው። 28 ብቻ ከሆነ ግን ያኔ ስለ አዲስ ብስክሌት አስቢ። እኔ 42 ነው የምጠቀመው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በስፋቱ ሳይሆን በነፋሱ ነው። ጎማ በደንብ ሲነፋ የሚፈጥን ይመስላል። ጠጠር ላይ ግን የጠነከረ ጎማ በየድንጋዩ ይዘላል። ወደ ላይ ያዘለለሽ ጉልበት ወደ ፊት ሊወስድሽ የሚገባው ጉልበት ነበር። እኔ 74 ኪሎ ነኝ። አስፋልት ላይ እያለሁ በቀጭኑ ጎማ 6 ባር (ባር የነፋስ ግፊት መለኪያ ነው) እነፋ ነበር። ዛሬ ከፊት 2 ባር፣ ከኋላ 2.3 ባር ነው። ልዩነቱ በጆሮም ይታወቃል። ነፋሱ ሲበዛ መንገዱ ቋ ቋ ይላል፣ መሪው ያንቀጠቅጣል፣ መዳፍ ይደነዝዛል። ልክ ሲሆን የሚሰማው ድምፅ ዝቅ ያለ ነው፤ አሸዋ ላይ ጆንያ ሲጎተት እንደሚሰማው ዓይነት። ጎማሽ ካላማዳሪ ያለው ከሆነ ከመጠን በላይ አታውርጂው። ድንጋይ ሲመታው ካላማዳሪው ከቸርኬው ጋር ተቆንጥጦ ጎን ለጎን ሁለት ቦታ ይበሳል። ካላማዳሪ የሌለው፣ ውስጡ ቀዳዳ የሚደፍን ፈሳሽ ያለበት ጎማ ከዚህ ይገላግልሻል። ፈሳሹ ግን ወራት ሲያልፉ ስለሚደርቅ መጨመር አለብሽ።

ቁልቁለቱ ላይ ነው ዋናው ምክሬ። እኔን የጣለኝ ጠመዝማዛ ላይ የያዝኩት የፊት ፍሬን ነው። ፍጥነቴ ብዙ አልነበረም። መንገዱ ሲታጠፍ ዓይኔን ጠርዙ ላይ የተከማቸው ጠጠር ላይ ተከልኩ፣ ፈራሁ፣ ጨበጥኩት። የፊት ጎማው ከሥሬ ሄደ። ድልድይ ሥር ቁጭ ብዬ ከመዳፌ ውስጥ ጠጠር በውሃ እያጠብኩ አወጣሁ። አንዷን ለማውጣት ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። ከዚያ ወዲህ ፍሬን የምይዘው መንገዱ ገና ቀጥ እያለ ነው። ስታጠፊ ሁለቱንም ልቀቂ። ፔዳሎቹን እኩል አድርገሽ ከኮርቻው ትንሽ ብድግ በዪ፣ ክርንሽን ላላ አድርጊ፣ መሄድ የምትፈልጊበትን እንጂ የምትፈሪውን አትዪ። ብስክሌቱ ከሥርሽ ትንሽ ቢወዛወዝ ተዪው፤ ራሱን ያስተካክላል።

ርቀትን በኪሎ ሜትር አትለኪ፣ በሰዓት ለኪ። አስፋልት ላይ በሰዓት 25 የምትሄጂ ከሆነ ጠጠር ላይ 16 ወይም 18 ጠብቂ። ለመጀመሪያ ቀን ሦስት ሰዓት ይበቃል። ለጥ ያለው የባቡር መስመር ደግሞ የሚያታልል ነገር አለው። ቁልቁለት ስለሌለ ማረፊያ የለም። ከኮርቻው የሚያስነሳሽም የለም፤ መቀመጫ የሚያመው ለዚህ ነው። በየአሥር ደቂቃው አውቀሽ ብድግ በዪ።

ቁሚም። ለማረፍ ብቻ ሳይሆን ለማየት። ቦይ ዳር የድሮ ድልድይ ስታገኚ የድንጋዩን ጠርዝ በጣትሽ ዳብሺው። ጣት የሚገባበት የለሰለሰ ጎድጓዳ መስመር ታገኛለሽ። ፈረሶቹ ጀልባ የሚጎትቱበት ገመድ አሸዋና ውሃ እየነካው፣ ለብዙ ዓመት እየተፋተገ የበላው ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ ስንት ድልድይ አልፌ ሄጃለሁ። አንዳንድ የጥንት የጋሪ መንገድ ደግሞ በእግርና በጎማ ብዛት ተቦርብሮ ግራ ቀኙ ከሰው ቁመት በላይ ሆኗል። ውስጡ ስትገቢ ነፋሱ ይቆማል፤ የዛፍ ሥር ጆሮሽ አጠገብ ይሆናል።

ብቻሽን መሄድ ትችያለሽ። እኔ ብዙውን ጊዜ ብቻዬን ነኝ። የምትሄጂበትን መስመርና የምትመለሺበትን ሰዓት ለአንድ ሰው ንገሪ። ጫካ ውስጥ ኔትወርክ ስለሚጠፋ ካርታውን ስልክሽ ላይ ቀድመሽ አውርጂ። እግረኛ ስታልፊ ከሩቅ ደወል ስጪ። ፈረስ ካየሽ ግን ደወሉን ተዪና በሰው ድምፅ ሰላም በዪ፣ ጋላቢዎቹ እስኪያሳልፉሽም ጠብቂ። ተዘግቶ ያገኘሽውን በር ካለፍሽ በኋላ መልሰሽ ዝጊ።

መኪናን ስለምትፈሪ ይህን አጥብቄ ልንገርሽ። መኪና በማይገባበት መስመር ላይ አደገኛው ቦታ መስመሩ የመኪና መንገድ የሚያቋርጥበት ነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ ሞተር ሳትሰሚ ስለቆየሽ ጆሮሽ ተዘናግቷል። ውረጂ፣ ግራ ቀኝ እዪ፣ ገፍተሽ ተሻገሪ። መብራትም ቀን ቢሆን ያዢ። የባቡር ዋሻ አለ። ግሬት አሌጌኒ ላይ ያለው ቢግ ሳቬጅ ዋሻ ብቻውን 1 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መብራት የሌለው ዋሻ ውስጥ ከፀሐይ ስትገቢ ለጥቂት ሰኮንዶች ምንም አይታይሽም። መግቢያው ላይ ቁሚ፣ መነጽርሽን አውልቂ፣ ዓይንሽ እስኪለምድ ጠብቂ፣ ከዚያ ቀስ ብለሽ ግቢ።