የተመራማሪን ሥራ በተጠቀሰበት ብዛት መመዘን ይቻላል?

ጥያቄ፦ በባዮሎጂ ሁለተኛ ዲግሪዬን ጨርሼ፣ በሕዋስ ባዮሎጂ ሦስተኛ ዲግሪ ለመሥራት በውጭ አገር አማካሪ በመፈለግ ላይ ነኝ። ሁለት ፕሮፌሰሮች ሊቀበሉኝ ፈቃደኛ ሆነዋል። ጎግል ስኮላርን ስመለከት የአንደኛው ጽሑፎች የተጠቀሱበት ብዛት የሌላዋን ሦስት እጥፍ ያህላል፤ ኤች-ኢንዴክሱም ይበልጣል። ጓደኞቼ ቁጥሩን አይቼ እንድወስን ይመክሩኛል። ቁጥሩን ምን ያህል ልመነው?
ከባሕር ዳር

መልስ፦ በቁጥሩ ብቻ አይወስኑ። ቁጥሩ የሚነግርዎ ሌሎች ተመራማሪዎች አንድን ጽሑፍ ስንት ጊዜ በዋቢነት እንደጠቀሱት ነው፤ ለምን እንደጠቀሱት ግን አይነግርዎትም። በዓለም ላይ እጅግ ብዙ ጊዜ የተጠቀሰው ጥናታዊ ጽሑፍ ኦሊቨር ላውሪና ባልደረቦቹ በ1951 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ያወጡት፣ በአንድ ናሙና ውስጥ ያለውን የፕሮቲን መጠን መለኪያ ዘዴ የሚያስረዳው ሲሆን፣ ከ300,000 ጊዜ በላይ ተጠቅሷል። ይህ የሆነው ጽሑፉ ከዲኤንኤ አወቃቀር ግኝት ስለሚበልጥ ሳይሆን፣ በዘዴው ፕሮቲን የለካ ሁሉ ስለሚጠቅሰው ነው።

በእርስዎ መስክ ከዚህ ይልቅ የሚያስተምረው የጃፓናዊው የዮሺኖሪ ኦሱሚ ታሪክ ይመስለኛል። ኦሱሚ በቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ የራሱን አነስተኛ ላቦራቶሪ የከፈተው በ1988፣ በ43 ዓመቱ ነበር። ሊያጠና የመረጠው ቫኩዮልን ማለትም ብዙዎች የእርሾ ሕዋስ የቆሻሻ ማጠራቀሚያ አድርገው ይመለከቱት የነበረውን ክፍል ነው። ፕሮቲን አፍራሽ ኢንዛይሞች የጎደሉትን እርሾ ወስዶ ምግብ ሲያሳጣው፣ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ቫኩዮሉ በተራ ማይክሮስኮፕ በሚታዩ ጥቃቅን ድብልብል አካላት ተሞላ። ሕዋሱ የገዛ አካሉን ክፍሎች ጠቅልሎ ለማፍረስ ወደዚያ ያስገባ ነበርና፣ ኢንዛይሞቹ ስለጎደሉ ብቻ ሳይፈርሱ ተጠራቅመው ታዩ። ይህ ሥራ በ1992 ታተመ። በዓመቱ ከተማሪው ከሚኪ ፁካዳ ጋር ለሂደቱ፣ ማለትም ለኦቶፋጂ፣ የሚያስፈልጉ 15 ጂኖችን ለይቶ ባወጣበት ጊዜ፣ ጽሑፉ የታተመው በዝና ከኔቸር ወይም ከሴል ጋር በማይወዳደረው ፌብስ ሌተርስ በተባለ ጆርናል ነበር። የመጀመሪያውን ሚውታንት፣ ማለትም ጂኑ የተለወጠበትን እርሾ፣ ያገኙት በማይክሮስኮፕ እያዩ ሲሆን፣ ይኸው ሚውታንት ምግብ ሲያጣ ቶሎ እንደሚሞት ስላስተዋሉ ሌሎቹን በዚሁ ጠባያቸው አጣርተው አገኟቸው።

በዚያን ጊዜ ስለ ኦቶፋጂ የሚጽፉ ሰዎች በጣም ጥቂት ስለነበሩ፣ ጽሑፉ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ብዙ ጊዜ ሊጠቀስ አይችልም ነበር። ጂኖቹ በሰው ሕዋስ ውስጥም አቻ እንዳላቸው ሲታወቅና ጉዳዩ ከካንሰርና ከነርቭ በሽታዎች ጥናት ጋር ሲያያዝ ግን መስኩ በዓመት በሺዎች የሚቆጠሩ ጽሑፎች የሚወጡበት ሆነ፤ ኦሱሚም በ2016 የሕክምና ኖቤል ሽልማትን ብቻውን ወሰደ። በ1994 በተጠቀሰበት ብዛት ተመዝኖ ቢሆን ኖሮ ምን ይባል እንደነበር መገመት አያዳግትም።

ኤች-ኢንዴክስም ይህንን ጉድለት አያስተካክልም። የፊዚክስ ሊቁ ሆርጌ ሂርሽ በ2005 ባቀረበው በዚህ መለኪያ፣ 20 ነጥብ ያለው ተመራማሪ እያንዳንዳቸው 20 ጊዜና ከዚያ በላይ የተጠቀሱ 20 ጽሑፎች አሉት ማለት ነው፤ ከእነዚህ አንዱ 5,000 ጊዜ ቢጠቀስም ነጥቡ አይለወጥም። ነጥቡ በዕድሜ የሚጨምር እንጂ የሚቀንስ ስላልሆነ፣ ሁለቱ ፕሮፌሰሮች ሥራ የጀመሩበት ዘመን ከተራራቀ ማነጻጸሩ ፍትሐዊ አይሆንም። የጆርናሉን ኢምፓክት ፋክተር (ጽሑፎቹ በአማካይ የተጠቀሱበትን ብዛት) የጽሑፉ ወይም የሰውየው መለኪያ ማድረግ እንዲቀር የሚጠይቀው የሳን ፍራንሲስኮ መግለጫም የተጠነሰሰው በ2012 በአሜሪካ የሕዋስ ባዮሎጂ ማኅበር ዓመታዊ ጉባኤ ላይ መሆኑን ልብ ይሏል።

ስለዚህ ቁጥሩን ትተው ጽሑፎቹን ይክፈቱ። በዚህ መስክ በአብዛኛው መጀመሪያ የሚጻፈው ሙከራውን የሠራው ሰው ስም ሲሆን፣ መጨረሻ ላይ የሚሰፍረው የላቦራቶሪው ኃላፊ ስም ነው፤ ፕሮፌሰሩ ዘወትር መሐል ላይ ከሆኑ ቁጥራቸው በአብዛኛው የትብብር ውጤት ነው። ከዚያም የፕሮፌሰሩን ሥራ የጠቀሱ የሌሎች ሰዎችን ጽሑፎች ከፍተው፣ ስማቸው የተነሣው በመግቢያው ከሌሎች አሥር ጋር ተደርድሮ ነው ወይስ ውጤቱ በእርሳቸው ሥራ ላይ ተመሥርቶ እንደሆነ ያጣሩ። ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ግን በመጀመሪያ ደራሲነት የተጻፉት ተማሪዎች ዛሬ የት እንዳሉ ነው፤ ለሁለት ወይም ለሦስቱ በኢሜይል ጽፈው ስለ አማካሪነቱ ይጠይቋቸው።

እግረ መንገዴን፣ የራስዎን የመጀመሪያ ጽሑፍ ከማሳተምዎ በፊት ስምዎን በላቲን ፊደል የሚጽፉበትን አንድ መንገድ ወስነው የኦርሲድ ቁጥር፣ ማለትም አንድን ተመራማሪ ከሌላው የሚለይ ቋሚ መለያ ቁጥር፣ ያውጡ። የመረጃ ቋቶቹ የአባትን ወይም የአያትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚወስዱ፣ «ወልደ» አንዴ ተነጥሎ አንዴ ተያይዞ ሲጻፍ የአንድ ሰው ሥራ ለሁለት ተከፍሎ ይቆጠራል።