በር ላይ የቆመ መኪና፦ የሰፈር ፓርኪንግ ጥያቄና መልስ

የምኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው። በማህበራችን ኮሚቴ ውስጥ 6 ዓመት አገልግያለሁ። ስለ ውሃ፣ ስለ ቆሻሻ፣ ስለ ጥበቃ ብዙ ተሰብስበናል። እንደ መኪና ማቆሚያ ግን ጎረቤትን ከጎረቤት ያኳረፈ ነገር አላየሁም። ሰሞኑን «የሰፈር ፓርኪንግ ያስቸገራችሁ ጠይቁኝ» ስል ከየአካባቢው ብዙ ጥያቄ መጣ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ።

«ቤታችን ኡራኤል ጀርባ ነው። ማታ ማታ የማላውቀው ሰው በራችን ላይ አቁሞ ይሄዳል። ጠዋት ልጆች ትምህርት ቤት ላድርስ ስል መውጫ የለኝም።»

የመኪና መግቢያ በር ዘግቶ ማቆም በትራፊክ ሕግ የተከለከለ ነው። ትራፊክ ፖሊስ ጠርተው ማስነሳት መብትዎ ነው። ግን ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ትራፊክ እስኪመጣ ልጆቹ ያረፍዳሉ። ስለዚህ በሩ ላይ «የመኪና መውጫ ነው» ብለው በትልቁ ይጻፉ። ብዙ ሰው የሚያቆመው ክፉ ሆኖ አይደለም። በጨለማ በሩ የሚከፈት ስላልመሰለው ነው። ከዚያ የሰፈሩን የሌሊት ጥበቃ ያነጋግሩ። የማን መኪና እንደሆነ፣ ሰውየው የትኛው ቤት እንደገባ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

አንድ አደራ አለኝ። ጎማ አያስተንፍሱ። በንዴት ያደረገው ጎረቤት አለኝ። መኪናው ጎሚስታ እስኪመጣለት ድረስ እዚያው በሩ ላይ እስከ እኩለ ቀን ዋለ።

«አጥሬ ሥር ድንጋይና አሮጌ ጎማ ደርድሬ ቦታ እይዛለሁ። ጥፋት ነው?»

አዎ፣ ጥፋት ነው። ይዞታዎ የሚያበቃው አጥሩ ላይ ነው። ከዚያ ውጪ ያለው መንገድ የሁሉም ነው። በርዎን የዘጋ ሰው አጥፍቷል። አጥርዎ ሥር ያቆመ ሰው ግን፣ ማቆም ያልተከለከለበት መንገድ እስከሆነ ድረስ፣ ምንም አላጠፋም።

እኛ ሰፈር አንድ ሰው በሲሚንቶ የተሞላ ጣሳ ላይ ብረት ተክሎ ቦታ ይይዝበት ነበር። ሌሊት ለኪዳን የወጡ እናትን አደናቀፋቸውና እጃቸው ተሰበረ። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ የተቀመጠ ድንጋይ ሳይ ዝም ብዬ አላልፍም።

«ኮብልስቶኑን ያሠራነው አዋጥተን ነው። ታዲያ የሌላ ሰፈር ሰው ለምን ያቆምበታል?»

ቅሬታችሁ ይገባኛል። እኔም አዋጥቻለሁ። ግን መዋጮው መንገዱን አሠራልን እንጂ አልገዛልንም። በሕገ መንግሥቱም መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ያን ጊዜ ገንዘብ የሰበሰበው ኮሚቴ ዛሬም ካለ ግን ትልቅ ሀብት አላችሁ። ስለ ፓርኪንግ ወረዳ ሄዶ የሚናገረው እሱ ይሁን። አንድ ሰው ብቻውን ሲሄድ «ነገ ተመለስ» ይባላል። መንደሩ በሙሉ ፈርሞ ሲሄድ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

«ግቢያችን የሚይዘው 60 መኪና ነው። ነዋሪው ያለው ከ90 በላይ ነው። ኮሚቴው ቀድሞ ለመጣ ቁጥር ሰጠ፤ የቀረነው መንገድ ላይ እናቆማለን። ስፖኪዮ ሁለት ጊዜ ተሰረቀብኝ።»

ይህን የላከልኝ የአራት ኪሎ ሰው ነው። በሌላ መልክ ደግሞ ከብዙ ኮንዶሚኒየም መጥቷል። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልሰው።

መጀመሪያ ቁጠሩ። በግምት «ሞልቷል» መባባል ክርክር እንጂ መፍትሔ አያመጣም። እኛ ሦስት ጊዜ ቆጠርን፦ በሥራ ቀን ረፋድ 4 ሰዓት ላይ፣ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ፣ እሁድ ከሰዓት። ታርጋ በታርጋ ጻፍን። ያየነው ነገር ስብሰባውን ለወጠው። ቀን ላይ ያጨናነቀን ነዋሪው አልነበረም። ፍርድ ቤት ጉዳይ ያለው፣ በአካባቢው ቢሮ የሚሠራ ሰው ነበር። ሌሊት ደግሞ ስምንት ቦታ የያዙት ወራት ሙሉ ያልተንቀሳቀሱ መኪኖች ነበሩ። ሁለቱማ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ ጎማ እንኳን የላቸውም። ባለቤቶቹን አንድ በአንድ ደውለን ለመንን። ገሚሱ ጋራዥ አስገባ፣ አንዱ ሸጠ። አንድ ሜትር መሬት ሳንጨምር ቦታ ተገኘ።

ቀጥሎ መስመር ቀቡ። ጎን ለጎን ለሚቆም አንድ መኪና 2 ሜትር ተኩል በ5 ሜትር ይበቃል። መስመር ከሌለ ሁለት መኪና የሦስቱን ቦታ ይይዛል። ቪትስ ርዝመቱ 4 ሜትር አይሞላም። ደብል ጋቢና ሃይሉክስ ግን ከ5 ሜትር ይበልጣል። ትንንሾቹን ወደ ጠባቡ ጥግ፣ ረጃጅሞቹን መዞሪያው ሰፋ ወዳለበት መድቧቸው።

ከባዱ «ለማን ይሰጥ?» የሚለው ነው። በአገራችን የጋራ ሕንፃ ሥርዓት የተዘረጋው በአዋጅ ቁጥር 370/1995 ነው። የጋራ መጠቀሚያው ቦታ የባለቤቶቹ ሁሉ ነው። ስለዚህ ኮሚቴ ብቻውን ቀድሞ ለመጣ አድሎ መቀመጥ የለበትም። ጠቅላላ ጉባኤ ይወስን፤ መተዳደሪያ ደንቡ ላይ ይጻፍ።

እኛ የተስማማነው ለአንድ ቤት አንድ መኪና በሚል ነው። ሁለተኛ መኪና ያለው ሰው የሚገባው ቦታ ከተረፈ ብቻ ነው፤ ወርሃዊ ክፍያም ይጨምራል። ቁጥሩ የሚሰጠው እቤቱ ውስጥ ለሚኖረው ሰው ነው። ቤቱን አከራይቶ ሌላ ሰፈር የሚኖር ባለቤት ቦታውን ለብቻው ማከራየት አይችልም። አሁንም ካልበቃ በየ6 ወሩ ዕጣ ይወጣል። ውጪ ለሚያቆሙት ደግሞ ግቢ ከሚያቆሙት ከሚሰበሰበው ክፍያ የሌሊት ጥበቃ ይቀጠርላቸዋል። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ሁለት ስብሰባ ፈጅቷል። እኔ ግን አጥብቄ የያዝኩት እሱን ነው። ግቢ ያቆመው እፎይ ብሎ ሲተኛ፣ ዕጣ ያልወጣለት ጎረቤቱ ለስፖኪዮው በመስኮት እያየ ማደር የለበትም።

«መንገዳችን ጠባብ ነው። ግራና ቀኝ ካላቆምን አይበቃንም።»

ሜትር ይዛችሁ ለኩት። መንገዱ 6 ሜትር ነው እንበል። አንድ የቆመ መኪና ከነስፖኪዮው 2 ሜትር ይወስዳል። ግራና ቀኝ ሲቆም መሃል የሚቀረው 2 ሜትር ነው። የእሳት አደጋ መኪና ደግሞ ስፋቱ 2 ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ቤት እየነደደ 939 ደውላችሁ፣ መኪናው ሰፈሩ አፍ ላይ ደርሶ መግባት ሲያቅተው አስቡት። 907 ተደውሎ የሚመጣው አምቡላንስም ምጥ የያዛትን ሴት በሸክም አውጡልኝ ሊል ነው። በዚህ አልደራደርም። በአንድ ጎን ብቻ አቁሙ። «ሁልጊዜ የእኔ አጥር ሥር ነው» የሚል ካለ በየወሩ ጎኑን ቀያይሩት። መታጠፊያ ላይ ደግሞ ጨርሶ አታቁሙ።

«ዋናው መንገድ በኮሪደር ልማት ከተሠራ ወዲህ ዳር ላይ ማቆም ቀረ። መኪናው ሁሉ ወደኛ ውስጥ ለውስጥ ገባ።»

ከ2016 ወዲህ ይህ ጥያቄ በርትቷል። እግረኛው ሰፊ መንገድ አገኘ፤ ደስ ይላል። ግን ድሮ ዋናው መንገድ ዳር ይቆም የነበረው መኪና አልጠፋም። ወደ ውስጥ ታጥፏል።

ሰፈራችሁ አፍ ላይ ያሉትን ሕንፃዎች ተመልከቱ። ሕንፃ ሲፈቀድ ፕላኑ ላይ የመኪና ማቆሚያ ይታያል። ሄዳችሁ ስታዩት ግን ቤዝመንቱ መጋዘን ወይም ሱቅ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ደንበኛው ታዲያ የት ያቁም? እናንተ በር ላይ። በመጀመሪያ የሕንፃውን ባለቤት በሰላም አነጋግሩ። እምቢ ካለ በደብዳቤ ለክፍለ ከተማው የግንባታ ፈቃድና ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት አመልክቱ። «ፓርኪንግ ቸገረን» ብቻ አትበሉ። «በፕላኑ ላይ ያለው ማቆሚያ ለታቀደለት አገልግሎት ይዋል» በሉ።

እስጢፋኖስና ስታዲየም አካባቢ ላላችሁ ደግሞ፦ በ2013 የተመረቀው የመስቀል አደባባይ የምድር ሥር ማቆሚያ 1,400 መኪና እንደሚይዝ ነው የተነገረው። እንግዳ ስትጠሩ «እዚያ አቁማችሁ በእግር ኑ» በሉ። ለጥቂት ደቂቃ የእግር መንገድ የሚቀየም እንግዳ የለም።

«የፓርኪንግ ልጆች ገዛ ሰፈሬ ላይ ያስከፍሉኛል። ልክ ነው?»

የተደራጁ ከሆነ የተፈቀደላቸው ቦታና ሰዓት አላቸው። መታወቂያና ደረሰኝ ይጠይቁ። ደረሰኝ ከሌለ አይክፈሉ። ሥራቸው ግን ሥራ ነው፤ ፀሐይና ዝናብ ላይ ውለው ነው የሚበሉት። በጨዋ ቋንቋ ያነጋግሯቸው። ነዋሪ መሆንዎን ካወቁ ብዙ ጊዜ ይግባባሉ።

«በየወሩ በ27 መድኃኔዓለም ሲነግሥ፣ አርብ ጁምዓ ሲሆን፣ ለቅሶ ሲኖር መንቀሳቀስ አንችልም።»

እኛ ጋ ወር በገባ በ1 ነው። ግንቦት 1 ሲሆንማ ከልደታ መውጣት አይታሰብም። ይህ የሚታወቅ ቀን ነውና ጥል አያስፈልገውም። ሥራ ያለው ሰው መኪናውን ከዋዜማው ማታ ራቅ አድርጎ ያቁም። እኛ ሁለት ወጣት መንገዱ አፍ ላይ እናቆማለን። መኪናውን በአንድ ጎን ያስይዛሉ፤ ባለ መኪናዎቹም ስልካቸውን መስታወቱ ላይ ጽፈው ይሄዳሉ። ከቤተክርስቲያኑም ከመስጊዱም አስተባባሪዎች ጋር ቀድሞ መነጋገር ይቻላል። ምዕመኑ እነሱን ይሰማል።

ለቅሶ ሌላ ነው። ድንኳን ይተከላል፤ መንገዱም ይዘጋል። ያዘነ ሰው ላይ ክላክስ አይነፋም። እድሩ ግን ድንኳኑን ወደ አንድ ጎን አስጠግቶ ማለፊያ ቢተው መልካም ነው። ካልተቻለ የኮንዶሚኒየሙ ግቢ ለለቀስተኛው መኪና ለሦስት ቀን ይከፈት። እኛ ደንባችን ላይ አስገብተነዋል።

«ኤሌክትሪክ መኪና ገዛሁ። ከሦስተኛ ፎቅ ኤክስቴንሽን ዘርግቼ መንገድ ላይ ቻርጅ አደርጋለሁ። ጎረቤት ተቃወመ።»

ጎረቤትዎ ትክክል ነው። የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ይህ ገመድ በየሰፈሩ እየታየ ነው። ለሰዓታት ብዙ ኃይል የሚሳብበት ኤክስቴንሽን ይግላል፤ ዝናብ ሲጨመርበት ደግሞ አደገኛ ነው። ልጆች ይረግጡታል። ለማህበሩ ያመልክቱና ግቢ ውስጥ አንድ ጥግ ላይ ራሱን የቻለ መስመር፣ የራሱ ብሬከርና ቆጣሪ ያለው፣ በባለሙያ ይሠራ። ሌሎችም ይገዛሉና ወጪውን ይካፈላሉ።

«ልጄ፣ እኔ መኪና የለኝም። 70 አልፎኛል። እግረኛ መንገዱ ላይ ስለሚያቆሙ መሃል አስፋልት ገብቼ ነው የምሄደው። ለእኔስ ምን ትላለህ?»

እማማ፣ ይህን ያስጻፉልኝን ልጅ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እግረኛ መንገድ ላይ ማቆም ክልክል ነው። ለወረዳው ደንብ አስከባሪም ለትራፊክ ፖሊስም ማመልከት ይቻላል። እርስዎ ግን አይመላለሱ። የሚኖሩበትን ሰፈር በዚያው ልጅ በኩል ያስነግሩኝ። በመጪው ቅዳሜ ከአካባቢው ኮሚቴ ጋር መጥቼ፣ ከቤትዎ እስከ ቤተክርስቲያኑ ያለውን መንገድ አብረን እንሄድበታለን። የት የት እንደሚዘጋብዎ ያሳዩን፤ ደብዳቤውን እኔ እጽፋለሁ።