ቀብዱን ልላክ ወይስ ልምጣ?

ሰላም እትዬ፣

የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። እዚህ ከመጣሁ 14 ዓመቴ ነው፤ ዜግነትም ወስጃለሁ። ከባለቤቴ ጋር አዲስ አበባ ቤት ለመግዛት ስናጠራቅም ቆይተናል። ለገና የ3 ሳምንት ፈቃድ ወስጄ ቤት ልፈልግ ልመጣ ነው። ታናሽ ወንድሜ ግን ቦሌ አራብሳ አንድ ኮንዶሚኒየም አግኝቷል። በቪዲዮ አሳየኝ፣ ደስ ይላል። ሻጩ «ሌላ ገዢ አለ፤ በዚህ ሳምንት ቀብድ ካልመጣ አልጠብቅም» ብሏል። ወንድሜ ሥራውን እየተወ ከደላላ ጋር ሲዞር ነው የከረመው። አልልክም ብለው ያላመንኩት ይመስለዋል ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። ምን ላድርግ?

ታናሽ እህትዎ

እህቴ፣ ቀብዱን አትላኪ።

በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱ ይቀርበታል። የተቀበለው ቢያፈርስ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ግን አንቺ ሜሪላንድ ሆነሽ ያንን እጥፍ ማን ያስከፍልልሻል? መጥተሽ ቤቱን ባትወጂውስ?

ሻጩ አንድ ጥያቄ ይመልስ፦ ቤቱን ከተረከበ 5 ዓመት ሞልቶታል? ካልሞላው በዕጣ የደረሰ ኮንዶሚኒየም መሸጥ አይፈቀድም። «ችግር የለም፣ በውክልና እንጨርሰዋለን» ካሉሽ ተይው። ውክልና የሰጠ ሰው በፈለገ ቀን ይሽረዋል። ቢሞት ደግሞ ይቋረጣል፤ ያኔ ከወራሾቹ ጋር ፍርድ ቤት መመላለስ ነው። በዚህ መንገድ ገዝተው ዓመታት የተንከራተቱ ሰዎች አውቃለሁ፤ ስለዚህ ነው አጥብቄ የምነግርሽ።

ጉዞሽንም ከገና ወደ ክረምት ብታዞሪው ደስ ይለኛል። ገና ታኅሣሥ 29፣ ጥምቀት ጥር 11 ነው። ሰው ሁሉ በዓል ላይ ነው፣ 3 ሳምንትሽ በዘመድ ጥየቃ ያልቃል። ፀሐይ ላይ ደግሞ ሁሉም ቤት ያምራል። ነሐሴ ላይ ነይ። ጣሪያው ያፈስ እንደሆነ፣ ግድግዳው እርጥበት ይዞ እንደሆነ፣ መንገዱ በጭቃ ይዘጋ እንደሆነ በዓይንሽ ታያለሽ።

አንድ ጊዜ እኔም ከእህቴ ልጅ ጋር አራተኛ ፎቅ ላይ ቤት ልናይ ሄድን። ሳሎኑ ተቀብቶ ያበራል። ደላላው «ውሃ 24 ሰዓት ነው» ይላል። መታጠቢያ ቤት ገብቼ በሩን ስዘጋው ከጀርባው አምስት ቢጫ ጀሪካን ተደርድሯል። ቧንቧውን ከፈትኩት፤ አየር ብቻ ተነፈሰ። አንቺም ጎረቤት አንኳኪ። «ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? መብራትስ?» በያቸው። የኛ ሰው ቡና አፍልቶ እውነቱን ይነግርሻል።

ቦሌ ሆቴል አትያዢ። እዚያው ሰፈር ለአንድ ሳምንት ቤት ተከራዪ። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቁሚ፣ ማታ 2 ሰዓት ላይ ተመለሺ። ቪዲዮ ይህን አያሳይሽም።

ዜግነት ስለቀየርሽ የትውልደ ኢትዮጵያ መታወቂያሽን ሳትነሺ አውጪ፤ ቢጫ ካርድ የምንለውን ማለቴ ነው። ውሉ መፈረም ያለበት ሰነዶች ማረጋገጫ ነው፣ ካፌ ውስጥ በተጻፈ ወረቀት አይደለም። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ሚስቱም ትፈርም።

ወንድምሽን በተመለከተ፣ አትከራከሪው፤ ሥራ ስጪው። የካርታውን ኮፒ ይቀበል። ከሻጩ ጋር ክፍለ ከተማ ሄዶ ቤቱ ላይ ዕዳ ወይም እግድ አለመኖሩን ያጣራ። እውነተኛ ሻጭ ይህን አይፈራም። ለሻጩም «እህቴ ራሷ መጥታ ትከፍላለች» ይበለው። የታክሲና የስልኩን ወጪ ደግሞ ዛሬውኑ ላኪለት፤ ለሳምንታት ከኪሱ ሲያወጣ ከርሟል። ስትደውዪ መጀመሪያ ስለ ድካሙ አመስግኚው፣ ስለ ቀብዱ ከዚያ በኋላ አንሺ።