ለሦስት ሰው ቡድን የሚበቃ የኮድ ሥርዓት

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ውስጥ ሦስት ጓደኛሞች ሆነን ሱቆች ከጅምላ አከፋፋይ ዕቃ የሚያዙበት አፕ ሠርተን፣ ፒያሳና አቶቴ አካባቢ ላሉ ጥቂት ባለሱቆች ሰጥተናል። ኮዱን በዚፕ አድርገን በቴሌግራም እንላላካለን፤ አጣዳፊ ነገር ሲመጣ ሰርቨሩ ላይ ገብተን እናስተካክላለን። አንዱ የሠራውን ሌላው ሳያውቅ ያጠፋዋል። በቅርቡ ደግሞ አንድ ካርቶን ዘይት ያዘዘ ባለሱቅ ሁለት ካርቶን ደረሰው። ስክረም (ሥራን በአጭር ዙር እየከፋፈሉ በቋሚ ስብሰባ የመምራት ዘዴ) እንጀምር? ቴስት (ኮዱ በትክክል መሥራቱን የሚፈትሽ ኮድ) እንጻፍ? ወይስ ሲስተሙን ወደ ማይክሮሰርቪስ (ለየብቻ ወደሚሠሩ ትናንሽ ፕሮግራሞች) እንከፋፍለው?

መልስ፦ ከሦስቱም የሚቀድም አለ፤ ዛሬ የተበላሸውን በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ትናንቱ መመለስ መቻል። አሁን ግን ከዚፖቹ ትክክለኛው የትኛው እንደሆነ እርግጠኛ የሚሆን ሰው ከመካከላችሁ የለም።

ዛሬውኑ ጊት (የኮዱን ለውጥ ሁሉ የሚመዘግብ ፕሮግራም) ጀምሩ። መነሻ የሚሆናችሁ ሰርቨሩ ላይ እየሠራ ያለው ኮድ ነው፤ አጣዳፊ ማስተካከያዎቹ ያሉት እዚያ ብቻ ነውና። ወደ ጊትሃብ (በጊት የተመዘገበ ኮድ በኢንተርኔት የሚቀመጥበት ቦታ) ከመጫናችሁ በፊት የዳታቤዙን ይለፍ ቃልና የክፍያ አገልግሎቱን የሚስጥር ቁልፎች ጊት በማያየው ፋይል ለብቻ አስቀምጡ። አንዴ ከገቡ ቢሰረዙም አሮጌው ኮሚት (ጊት የመዘገበው ለውጥ) ውስጥ ይቀራሉ፤ ያኔ መፍትሔው ቁልፉን ራሱን መቀየር ነው። ኢንተርኔት ሲጠፋ ሥራ አይቆምም፤ ኮሚቱ ላፕቶፓችሁ ላይ ይቀመጣል፣ መስመር ሲመለስ ፑሽ ታደርጋላችሁ (ወደ ጊትሃብ ትልኩታላችሁ)።

እያንዳንዱ ሥራ የራሱ ብራንች (ከዋናው ኮድ ተለይቶ የሚሠራበት ቅርንጫፍ) ይኑረው፣ ከሁለት ቀን በላይ ግን አታቆዩት፤ በቆየ ቁጥር መርጅ ሲደረግ (ከዋናው ጋር ሲዋሃድ) ግጭቱ ይበዛል። ሌላ ሰው ሳያነበው ወደ ዋናው አይግባ። ሰርቨር ላይ ገብቶ ማስተካከል፣ የቱንም ያህል ቢያጣድፍ፣ ይቁም።

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፦ ኮዱን ወደ ኋላ መመለስ ይቻላል፣ ዳታቤዙ ግን አብሮት አይመለስም። አዲሱ ኮድ ከዳታቤዙ ሠንጠረዥ አንድ ዓምድ ካጠፋ አሮጌው ኮድ ተመልሶ አይሠራም። ስለዚህ መጀመሪያ አዲሱን ዓምድ ጨምሩ፤ አሮጌውን የምታጠፉት ሳምንት ያህል ያለ ችግር ከሠራ በኋላ ነው። በየሌሊቱ ባክአፕ ውሰዱ፣ ከሰርቨሩ ውጭም አስቀምጡት። በወር አንዴ ላፕቶፕ ላይ መልሳችሁ ክፈቱት፤ ያልተሞከረ ባክአፕ እንደሌለ ይቆጠራል።

ወደ ዘይቱ እንምጣ። አብዛኛውን ጊዜ የሚሆነው እንዲህ ነው፦ ባለሱቁ «እዘዝ» ይላል፣ ትዕዛዙ ሰርቨር ይደርሳል፣ መልሱ ሳይመለስ ኔትወርኩ ይቋረጣል። ባለሱቁ አልሄደም ብሎ ደግሞ ይጫናል። «እዘዝ» የሚለው ቁልፍ ከአንድ ጊዜ በኋላ እንዳይጫን ማድረግ በቂ አይደለም፤ አፑ ተዘግቶ ሊከፈት ይችላል። ትዕዛዙ ገና ሲጀመር አፑ ልዩ መለያ ቁጥር ይስጠውና ስልኩ ላይ ያስቀምጠው፤ ሲደገምም ያንኑ ቁጥር ይላክ። ዳታቤዙ ላይ ቁጥሩ እንዳይደገም ከልክሉ፤ ሁለተኛው ሲመጣ ሰርቨሩ አዲስ ከመፍጠር የመጀመሪያውን ትዕዛዝ ይመልስ። የክፍያ ማረጋገጫም ሁለት ጊዜ ሊመጣ ስለሚችል በዚሁ መንገድ ያዙት።

ቴስት የምትጀምሩትም ከዚህ ነው። አንድ መለያ ቁጥር ሁለት ጊዜ ሲላክ አንድ ትዕዛዝ ብቻ መመዝገቡን፣ የዋጋ ድምሩም ልክ መሆኑን ፈትሹ። ዋጋን በሳንቲም፣ በሙሉ ቁጥር አስቀምጡ፤ በፍሎት (በነጥብ በሚጻፍ የኮምፒውተር ቁጥር) ከሆነ 0.1 ሲደመር 0.2 ልክ 0.3 አይሆንም። የቀለም ለውጥ ቴስት አያስፈልገውም።

ማይክሮሰርቪሱን እርሱት፤ ለሦስት ሰው የሚጠገነውን ቦታ ማብዛት ነው። ስክረምም አያስፈልጋችሁም፤ ሰኞ ሰኞ የሳምንቱን ሥራ ጽፎ መከፋፈል ይበቃል።

ጥያቄ፦ እኔም ሐዋሳ ነኝ፤ የቀጠሮ አፕ እየሠራን ነው። ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ዳታቤዝ ውስጥ ብናስቀምጥስ?

መልስ፦ አታድርጉት። በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መለኪያ ሰዓት) አስቀምጡ፣ ለተጠቃሚው ስታሳዩ ብቻ ቀይሩ። የጠዋቱ 2 ሰዓት በዩቲሲ 05:00 ነው። ቀኑን የሚቀይረውን ኮድ በጳጉሜ ፈትኑት፦ ጳጉሜ 6 ቀን 2015ን መቀበል፣ ጳጉሜ 6 ቀን 2016ን ግን ውድቅ ማድረግ አለበት። የመጀመሪያው በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ላይ ካልዋለ ስሌቱ ተሳስቷል።