ነጠላው ነጭ ሆኖ ፊቱ እንዳይጠፋ፦ ስለ ጥቁርና ነጭ ፕሮግራሞች ለቀረበው ጥያቄ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። የአያትሽንና የጥምቀትን 12 ፎቶግራፎች ከቀለም ወደ ጥቁርና ነጭ ለውጠሽ በትልቁ ልታሳትሚ አስበሻል። ላፕቶፕሽ 8 ጊጋባይት ራም ያለው ነው፤ በየወሩ በዶላር መክፈል አትችይም። ከእኔ በፊት የመለሱልሽ ወንድሞች ደግሞ «ያለ ፎቶሾፕ አይሞከርም» ብለውሻል። እኔ ይሞከራል ባይ ነኝ። የምተዳደረው ሠርግ በማንሣት ነው፤ ጥቁርና ነጭ ግን ለራሴ የማስቀራት ሥራዬ ናት፤ ስለዚህ ትንሽ ባስረዝመው ይቅርታ አድርጊልኝ።

መልሱን ላስቀድመው፦ ሮውቴራፒ የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ጫኚ። ለምን እንደሆነ የምነግርሽ ግን በሰንደቅ ዓላማችን ቀለማት ነው።

ጊምፕ የሚባለውን ነጻ የፎቶ ማረሚያ ፕሮግራም ክፈቺና ሦስት አግድም መስመሮች ቅቢ፤ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። ቀለሞቹ ጥርት ያሉ፣ ቁጥራቸው እስከ 255 የሞላ ይሁኑ። ከዚያ ቀለም የሚያጠፋውን ትእዛዝ ስጪና «ላይትነስ» የሚለውን ስሌት ምረጪ። ሦስቱም መስመሮች አንድ ዓይነት ግራጫ ይሆናሉ፤ ሰንደቁ የለም። «ቫልዩ» የሚለውን ብትመርጪ ደግሞ ሦስቱም ነጭ ይሆናሉ። «ሉማ» ስትይው ግን ቢጫው ከሁሉ ደምቆ፣ አረንጓዴው ተከትሎ፣ ቀዩ ጠቁሮ ይወጣል። ዐይናችን ለአረንጓዴ ብርሃን ይበልጥ ስለሚነቃ ይህ ስሌት ከመቶ 72 ያህሉን ለአረንጓዴ፣ 21 ያህሉን ለቀይ፣ 7 ያህሉን ብቻ ለሰማያዊ ይሰጣል።

አየሽ፣ ፎቶው አንድ፣ ፕሮግራሙ አንድ፣ ውጤቱ ሦስት። የፎቶሾፕ «ዲሳቹሬት» የሚለው ፈጣን ትእዛዝ የሚሠራው በመጀመሪያው ስሌት ነው፤ ውድ ፕሮግራም ይዞ ሰንደቅ ማጥፋት ይቻላል ማለት ነው። ስለዚህ ፕሮግራም ስትመርጪ መጀመሪያ የምትጠይቂው እያንዳንዱ ቀለም ምን ያህል ግራጫ ይሁን የሚለውን እኔ ልወስን ያስችለኛል ወይ ብለሽ ነው። ሁለተኛው፣ ነገ ሐሳቤን ብቀይር ተመልሼ ማስተካከል እችላለሁ ወይ። የቀረው ሁሉ ጌጥ ነው።

አሁን ወደ አያትሽ ፎቶ ልምጣ። ከጥያቄሽ ጋር ያያዝሽውን አይቼዋለሁ። ደጃፍ ላይ ተቀምጠዋል፣ ነጠላቸውን ተከናንበዋል፣ ፀሐዩ ከጎን መቷቸዋል። ካሜራው ለነጠላው ስለ ተጠነቀቀ ፊታቸው ጨልሟል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ የፎቶውን ብርሃን በጠቅላላ ከፍ ያደርጋል፤ ፊቱ ሲወጣ ነጠላው ይቃጠላል፤ እጥፋቱም፣ የጥበቡ ዳርም፣ የሸማኔው ልፋትም አብሮ ይሄዳል። የቀለም መቆጣጠሪያ፣ ማለትም እያንዳንዱን ቀለም ለብቻው ወደ ቀኝ ሲገፋ የሚያደምቅ ወደ ግራ ሲጎተት የሚያጨልም ተንሸራታች፣ ያለው ፕሮግራም ግን ሌላ መላ አለው። የጠይም ሰው ቆዳ ለኮምፒውተሩ ጥቁር አይደለም፤ የጨለመ ብርቱካናማ ነው። የብርቱካናማውን መቆጣጠሪያ ቀስ አድርገሽ ወደ ቀኝ ስትገፊው የአያትሽ ፊት ይበራል። ነጠላው ግን ነጭ ነው፤ ነጭ ደግሞ የራሱ ቀለም የለውምና ንቅንቅ አይልም።

ልክ እወቂበት እንጂ። ብርቱካናማውን አብዝተሽ ከገፋሽው የፊታቸው መስመር ሁሉ ይለሰልስና የ80 ዓመት ሴት ዱቄት የተነሰነሰባት ልጅ ትመስላለች። ወደ ግራ ከጎተትሽው ደግሞ እያንዳንዱ መጨማደድ ተቆርጦ ይወጣል፤ ለአንዳንድ ፊት ይህም ያምራል። እኔ ብዙ ጊዜ ጥቂት ወደ ቀኝ ገፍቼ፣ ቀዩን ባለበት ትቼ፣ ከንፈሩና ዐይኑ ዙሪያ የቀረውን ጥላ አልነካውም።

ሌላም ወጥመድ አለ። በጥላ ውስጥ ያለው የነጠላ እጥፋት ከሰማዩ ሰማያዊነት ይቀበላል። ዐይናችን አያስተውለውም፤ ካሜራው ግን ይመዘግበዋል። ሰማዩን ለማጥቆር ብለሽ ሰማያዊውን ወደ ግራ የጎተትሽ እንደሆነ እጥፋቱ ሳይታጠብ የሰነበተ ይመስላል። የጥምቀት ፎቶዎችሽ ላይ ይህ በደንብ ያጋጥምሻል፤ ሰው ሁሉ ነጭ ለብሶ፣ ከላይ ጥር ወር ያጠራው ሰማይ። በዚህ ጊዜ ሰማዩን ለብቻው ከልለሽ አጥቁሪው እንጂ በአጠቃላይ መቆጣጠሪያው አትንኪው። ከመጠን በላይ ሲጎተት ሰማዩ ላይ አሸዋ የመሰለ ብናኝ ይወጣል፣ ተራራና ሰማይ በሚገናኙበት ላይም ነጭ ክር ይሰመራል። ፎቶው ጄፔግ፣ ማለትም ካሜራው ጨምቆ የሚያስቀምጠው የተለመደው ፋይል፣ ከሆነ ጭራሽ 8 በ8 ፒክስል የሆኑ ትንንሽ ካሬዎች ይታያሉ።

ስለዚህ በሮው፣ ማለትም ካሜራው ሳያሰናዳ በጥሬው በሚያስቀምጠው ፋይል፣ አንሺ። ጄፔግ ለእያንዳንዱ ቀለም 256 የብርሃን እርከን ብቻ ይይዛል፤ ባለ 14 ቢት ሮው 16,384 ይይዛል። ጥቁርና ነጭ ላይ ደግሞ የሚቀርሽ እርከኑ ብቻ ነው። አንድ የምወደው ልማድም ልንገርሽ፤ ካሜራውን ሮው ላይ አድርጊና የሥዕሉን ቅጥ ጥቁርና ነጭ አድርጊው። በስክሪኑ የምታዪው ጥቁርና ነጭ ይሆናል፣ ፋይሉ ግን ቀለሙን እንደያዘ ይቀመጣል። ብርሃኑን ማየት የሚያስተምር እንዲህ ያለ ነገር አላገኘሁም። ጄፔግ ብቻ ከሆነ ግን ይህን አታድርጊ፤ ቀለሙ ላይመለስ እዚያው ይጠፋል።

የጥምቀቱን ጃንጥላዎች ልረሳ ነበር። ቀይ ከፋይና አረንጓዴ ከፋይ ጎን ለጎን ሲቆሙ በቀለም ፎቶ ዐይን ይማርካሉ፤ ዝም ብለሽ ስትለውጫቸው ግን ሁለቱም ያው ጥቁር ግራጫ ይሆኑና የወርቁ ዘርፍ ብቻ አየር ላይ ይንሳፈፋል። አንዱን መርጠሽ አድምቂው፤ ሌላው ይጥቆር። የትኛው እንደሚደምቅ የሚወስንልሽ ፕሮግራም የለም።

ወደ ፕሮግራሞቹ ልለፍ። ሮውቴራፒ ነጻ ነው፤ የተጻፈበት ኮድም ለሁሉ ክፍት ነው። ጥቁርና ነጭ የሚለው ክፍል ውስጥ የቻናል ማደባለቂያውን ስትመርጪ ቀይ፣ ብርቱካናማ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ ብሎ እስከ ማጀንታ 8 ቀለሞችን ለየብቻ የምታዢበት አማራጭ አለው። ዋናውን ፎቶ አይነካውም፤ ያደረግሽውን ሁሉ ከጎኑ በምትቀመጥ ትንሽ ፋይል ይጽፋል። ያቺን ፋይል አትሰርዢ፤ ፎቶውን ወደ ሌላ ቦታ ስታዛውሪም አብረሽ አዛውሪያት። ጉድለቱ መልኩ ነው። መጀመሪያ ስትከፍቺው እንደ መርካቶ ቅዳሜ ይጨናነቅብሻል። ፎቶ የማጥራትና ብናኝ የመቀነስ ሥራውንም በትክክል የምታዪው ፎቶውን በሙሉ መጠን፣ ማለትም በመቶ ከመቶ ስታዪው ነው። አንድ ሳምንት ታገሺው።

ዳርክቴብልም ነጻ ነው፤ ከፊል ቦታን ከልሎ በመሥራት ከሮውቴራፒ ይበልጣል። ነገር ግን ወደ ግራጫ የሚለውጠው ክፍሉ የሚሰጥሽ ሦስት መቆጣጠሪያ ብቻ ነው፤ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ። ብርቱካናማውን ለብቻ ለመያዝ በሌላ ክፍል ዞሮ መምጣት ያስፈልጋል። እኔ የሰማይ ሥራ ሲበዛብኝ እከፍተዋለሁ፤ የላፕቶፔ ማራገቢያም ያን ጊዜ መጮህ ይጀምራል። ጊምፕ ደግሞ ሮው ፋይልን በራሱ አያነብም፤ ከሁለቱ አንዱን ይጠራል። እርሱን ለመጨረሻው ጥገና አቆዪው፦ ግድግዳ ላይ ያለች ነጠብጣብ፣ ከኋላ የገባ የኤሌክትሪክ ሽቦ።

በየወሩ የሚከፈልባቸው የአዶቢ ፕሮግራሞች፣ ላይትሩምና ፎቶሾፕ፣ ጥሩ ናቸው፤ እኔም ለሠርጉ ሥራ ላይትሩም እጠቀማለሁ። 8 ቀለሞች ይሰጣል፣ ሰውን ከጀርባው ለይቶ ይከልልሻል፣ 600 ፎቶ በአንድ ማታ ለመጨረስ የሚተካከለው አላየሁም። ክፍያውን ዋሽንግተን ያለችው እህቴ በካርዷ ትከፍላለች፤ እኔ እዚህ ለእናታችን እሰጣለሁ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ግን ያቺ ወርኃዊ ክፍያ በብር ስትቆጠር ከእጥፍ በላይ ሆናለች። ሠርግ ይከፍልልኛል፤ ለ12 ፎቶ ግን አላደርገውም ነበር።

ሲልቨር ኢፌክስን የጠቀሰልሽ ሰው እውነቱን ነው፤ ለጥቁርና ነጭ ብቻ የተሠራ ነው፣ ፎቶው ላይ ነጥብ አስቀምጠሽ በዙሪያዋ ያለውን ብቻ ታበሪያለሽ ወይም ታጨልሚያለሽ። ጉግል በ2016 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በነጻ ለቆት ነበር፤ በ2017 ግን ዲኤክስኦ የሚባል ኩባንያ ገዛው፤ በ2018 ወደ ክፍያ ተመለሰ። በውስጡ የድሮ ፊልሞችን የሚመስሉ የተዘጋጁ ቅጦች አሉ። ሰው ሁሉ የሚወደው እነርሱን ነው፤ እኔ የምጠረጥረውም እነርሱን ነው። ቀይ ብርሃን የማያዩትን በጣም የድሮ ፊልሞች የሚመስለው ቅጥ የእኛን ፊት ከሰል ያደርገዋል። ቅጡን ከመረጥሽ በኋላ ተመልሰሽ ብርቱካናማውን እዪው።

አንድ ነገር ደግሞ ከራሴ ጣጣ። ከዓመታት በፊት ከአንድ ሱቅ ፈቃዱ የተሰበረ (ክራክ የተደረገ) ፕሮግራም በፍላሽ አስጭኜ ነበር፤ ዋጋው የሁለት ማኪያቶ ያህል። ሁለት ዓመት ያለ እንከን ሠራልኝ። ከዚያ ለአንድ ትርኢት ፎቶ በማስረክብበት ዋዜማ፣ ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ላይ፣ ፕሮግራሙ ፈቃድ የለህም ብሎ ተዘጋ። ፎቶዎቹ ዲስኩ ላይ አሉ፤ ያደረግሁባቸው ለውጥ ሁሉ ግን ማንም ሊከፍተው በማይችል የፕሮግራሙ መዝገብ ውስጥ ቀረ። 20 ፎቶዎችን እስኪነጋ ድረስ እንደ አዲስ ሠራሁ፤ አንዳቸውም እንደ መጀመሪያው አልሆኑም። ነጻ ፕሮግራም የምመክርሽ ለቁጠባ ብቻ አይደለም።

ስለ ማሳተም ዝም ብዬ ብሄድ ደግሞ ትወቅሺኛለሽ። የእኛ ፎቶ ቤቶች አብዛኞቹ ጥቁርና ነጩን የሚያትሙት በቀለም ወረቀትና በቀለም ማሽን ነው። ግራጫው ወደ አረንጓዴ ወይም ወደ ሐምራዊ ያደላል። ስለዚህ 12ቱንም በአንድ ጊዜ አትስጪ። ከሙሉ ጥቁር እስከ ሙሉ ነጭ 10 ደረጃ ያለው የግራጫ መስመር በአንድ ትንሽ ፎቶ ሥር ለጥፈሽ አስቀድመሽ አንዷን አሳትሚ። ከጥቁሮቹ ደረጃዎች ሁለቱ ወይም ሦስቱ ተዋህደው ከወጡ ጥላውን ትንሽ አንሺው፤ ግራጫው ቀለም ካመጣ ባለሙያውን መስመሩን አሳዪው፣ ከክርክር ያድንሻል። ወረቀቱንም አምፖል ሥር ሳይሆን ደጅ ወጥተሽ እዪው። የላፕቶፕሽን የስክሪን ብርሃንም ወደ ግማሽ አውርደሽ ሥሪ፤ ሙሉ ብርሃን ላይ ያማረ ፎቶ ወረቀት ላይ ጨልሞ የሚመጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ላፕቶፑ እስኪሰናዳ ድረስ ስልክሽ ላይ ስናፕሲድን አውርደሽ ተለማመጂ፤ ነጻ ነው። ጥቁርና ነጭ የሚለው ውስጥ ቀይ፣ ብርቱካናማ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ማጣሪያ አለ። የአያትሽን ፎቶ በአምስቱም አሳልፊውና ሰማያዊው ፊታቸውን ምን እንደሚያደርገው፣ ብርቱካናማው ደግሞ እንዴት እንደሚመልሰው እዪ።

ሮውቴራፒ ላይ የሠራሽውን ስትጨርሺ እዚሁ ለጥፊልን። በግራ ትከሻቸው በኩል የወረደውን እጥፋት ግራጫ ማየት እፈልጋለሁ።