የጠያቂዎች አምድ፦ ለወንድሜ ይግባኝ ከቀበሌ ደብዳቤ ላጽፍለት?

ጥያቄ፦ ወንድሜ በጎንደር ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ ያስተምር ነበር። ክፍል ውስጥ በተናገረው ነገር የታጣቂዎች ደጋፊ ነህ ተብሎ ታኅሣሥ 25 ቀን 2016 ዓ.ም. ታሰረ፤ ከተፈታ በኋላም ወደ እንግሊዝ ሄዶ ጥገኝነት ጠየቀ። ባለፈው ሳምንት ማመልከቻው ውድቅ ሆነ። የተሰጠው ምክንያት የፓርቲ አባል ያልሆነ ተራ መምህር መሆኑ፣ እንዲሁም የታሰረበትን ወር በቃለ መጠይቁ ዲሴምበር ሲል በሰነዱ ትርጉም ጃንዋሪ 2024 ሆኖ መገኘቱ ነው። ዘመዶቻችን ከቀበሌ «በፖሊስ ይፈለጋል» የሚል ደብዳቤ አጽፈን እንድንልክለት ይመክሩናል። ምን ይሻላል?
እህቱ፣ ከአዘዞ

መልስ፦ ውድ እህታችን፣ ከሁሉ በፊት የጊዜው ነገር ያስቸኩላል። እዚያው እንግሊዝ ሆኖ ይግባኝ ለሚል ሰው የተሰጠው መደበኛ ጊዜ ውሳኔው ከተላከለት ቀን ጀምሮ 14 ቀን ብቻ ስለሆነ፣ ወንድምዎ ዛሬውኑ ፈቃድ ያለው የስደት ጉዳይ ጠበቃ ያነጋግር፤ የመክፈል አቅም ከሌለውም የመንግሥት የሕግ ድጋፍ ይጠይቅ።

የቀበሌውን ደብዳቤ ግን አያጽፉ። የእንግሊዝ ፍርድ ቤቶች ከ2002 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሲከተሉት በቆዩት አሠራር፣ የሰነድን ተአማኒነት የማሳየት ኃላፊነት የአመልካቹ ሲሆን፣ ዳኛውም ሰነዱን ከሌላው ማስረጃ ሁሉ ጋር አዛምዶ ይመዝነዋል። ከውድቅታው በኋላ በጥያቄ የተጻፈ፣ ቀበሌው ስለ ፖሊስ ጉዳይ ከየት እንዳወቀ የማይናገር ወረቀት እንኳን ሊረዳ፣ እውነተኛውንም ቃል ያስጠረጥራል። በእኛ ግምት ብዙ ሰው የሚጎዳው ማስረጃ በማጣቱ ሳይሆን በዘመድ ምክር በተጨመረ ማስረጃ ነው።

የሚጠቅሙት በጊዜው የተጻፉት ናቸው፦ የቅጥር ደብዳቤው፣ የደመወዝ ማስረጃው፣ ከትምህርት ቤቱ የተሰጠ ማስጠንቀቂያ ወይም የስንብት ደብዳቤ ካለ፣ ቁጥሩ፣ ቀኑ፣ ማኅተሙና የፈራሚው ቲተር በግልጽ እየታየ። እርስዎም ያዩትን ብቻ ይጻፉ፤ ሲያዝ ካልነበሩ አልነበርኩም ይበሉ፤ ስንቅ አመላልሰው ከሆነ የት እንዳደረሱና ማን እንደተቀበለዎት ይግለጹ። ሁሉም በባለሙያ ወደ እንግሊዝኛ መተርጎም አለበት።

የቀኑ ጉዳይ በቀላሉ የሚፈታ ነው፣ ይግባኙም በዝምታ ሊያልፈው አይገባም። ታኅሣሥ 25 ቀን 2016 ዓ.ም. በእነርሱ አቆጣጠር ጃንዋሪ 4 ቀን 2024 ነው፤ ወንድምዎ ታኅሣሥን እንደ ልማዳችን ዲሴምበር ብሎ ተርጉሞት ይሆናል፤ ወሩ የሚጀምረው በዲሴምበር ነውና ማንም የሚሳሳተው ነው። ይህ ከሆነ ጠበቃው ሁለቱን አቆጣጠሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ ያስረዳ። ሰዓትም በስድስት ሰዓት ስለሚለያይ «ሌሊት ስምንት ሰዓት» ያለው እንዴት እንደተተረጎመ ቃለ መጠይቁ ላይ ይፈተሽ።

«ተራ መምህር» የሚለው ምክንያት ግን የክርክሩ ዋና ጉዳይ ነው። የ1951ዱ የስደተኞች ስምምነት በፖለቲካ አመለካከት ምክንያት የሚደርስ መሳደድን ሲጠቅስ፣ ተበዳዩ የፓርቲ መታወቂያ እንዲይዝ አይጠይቅም፤ አሳዳጁ ያንን አቋም ይዟል ብሎ ከገመተውም በቂ ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ የስደት ፍርድ ቤት ስለ ዚምባብዌ በሰጠው መመሪያ ሰጪ ውሳኔ መምህርነትን ራሱን አደጋን የሚጨምር ነገር አድርጎ ቆጥሮታል፤ በ2012 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የፖለቲካ አቋም የሌለው ሰው እንኳ ከጥቃት ለመዳን ለገዢው ኃይል የሐሰት ታማኝነት እንዲያሳይ ሊጠበቅበት አይገባም ብሏል። እነዚህ ስለ ዚምባብዌ እንጂ ስለ እኛ አገር ስላልሆኑ፣ የአማራ ክልል ሁኔታ በራሱ ዘገባ መደገፍ ይኖርበታል። ጦርነት መኖሩ ብቻውን አይበቃም፤ እርሱ በተናገረው ምክንያት በስሙ እንደሚታወቅና ቢመለስም እንደሚፈለግ መታየት አለበት።

ለዚህ ሲባል ግን ማንም ዘመድ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ስለ እርሱ እንዳይጠይቅ፤ ሰነዶቹን ከላኩ በኋላም ከስልክዎ ያጥፏቸው።